የሕዋስ ጓዳና የሕፃናት አእምሮ

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ሕዋስ ስንማር መምህራችን የሕዋስን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው፥ የያንዳንዱን ክፍል ስምና ሥራ አስጽፈውን ነበር። ብዙዎቻችን ስሞቹን ለፈተና ያህል ሸምድደን፥ ፈተናው ካለፈ በኋላ ረሳናቸው። እኔም ከረሱት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ከነዚያ ስሞች አንዱን፥ ላይሶሶም የሚባለውን፥ ተመልሼ እንዳጠናው ያደረገኝ ምክንያት አለ።

እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ሕፃን ነበረ። ሲወለድ እንደ ማንኛውም ልጅ ነበር። በሁለት ዓመቱ ጥቂት ቃላት ይናገር ነበር፤ በአራት ዓመቱ ግን እነዚያኑ ቃላት አጣቸው። እናቱም ልጁን ከቤት ማውጣት ተወች። ምክንያቱም ከጎረቤት አንዱ የአያት እርግማን ነው፥ ሌላው ቡዳ በልቶት ነው፥ ሌላው ደግሞ እናቲቱ ያጠፋችው ጥፋት ቢኖር ነው ይል ነበርና። እኛ ልጆችም ይተላለፍብናል ብለን እንሸሸው ነበር። ያ ልጅ የታመመው በምን በሽታ እንደ ሆነ ለመናገር እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን «መናገር የጀመረን ልጅ መልሶ ዝም የሚያሰኝ ምን ነገር ነው? ጥፋቱስ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከልቤ ሳይወጣ አብሮኝ አደገ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

፩ኛ፤ ላይሶሶም ምንድን ነው?

የሰው ሰውነት ወደ 30 ትሪሊዮን በሚሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋስ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም እንጂ ጓዳው የተሟላ ቤትን ይመስላል። ኃይል የሚሰጥ ምድጃ አለው፤ ስሙም ማይቶኮንድሪያ ነው። ፕሮቲን የሚሠራበት፥ የተሠራውም ተሰናድቶ ወደየቦታው የሚላክበት ክፍል አለው። እነዚህን ሥራ የተከፋፈሉ የሕዋስ ክፍሎች ሊቃውንት ኦርጋኔል ይሏቸዋል።

ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ ጥራጊና አሮጌ ዕቃ አያጣም። በአዲስ አበባ መንገዶች «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው የማያውቅ የለም። አሮጌውን ብረትና ጠርሙስ ሰብስቦ ይወስዳል፤ ያም ዕቃ ቀልጦ እንደ ገና ለሌላ ሥራ ይውላል። በሕዋስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ላይሶሶም ነው። ላይሶሶም በቀጭን ሽፋን የተከበበ ትንሽ ከረጢት ሲሆን፥ በውስጡ 60 ያህል ዓይነት ኢንዛይሞች ይገኛሉ። ኢንዛይሞቹም ያረጀውን ፕሮቲን፥ ስብና ስኳር ቆራርጠው ለአዲስ ሥራ እንዲውል ይመልሱታል። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የጓደኛውን ሥራ ሊሠራለት አይችልም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ የበሽታው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የላይሶሶምን መኖር ያገኙት በቤልጅግ አገር በሉቫን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሪስቲያን ደ ዱቭ ናቸው። እኒህ ሰው በ1949 ዓ.ም. ሲመራመሩ የነበረው ስለ ኢንሱሊንና ስለ ጉበት ነበር። የአይጥ ጉበት ፈጭተው በውስጡ ያለውን የአንድ ኢንዛይም ሥራ ቢለኩት ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነባቸው። የተፈጨውን ጉበት በማቀዝቀዣ ውስጥ አኑረው ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ገና ቢለኩት ግን ሥራው በጣም በርትቶ አገኙት። ሌላ ሰው ቢሆን ስሕተት ነው ብሎ የፊተኛውን ልክ በጣለው ነበር። ደ ዱቭ ግን ምክንያቱን ፈለጉ። ኢንዛይሙ ለካ በከረጢት ውስጥ ተዘግቶበት ነበር፤ ከረጢቱ በቆይታ ሲጎዳ ጊዜ ኢንዛይሙ ወጣ። በ1955 ዓ.ም. ለዚህ ከረጢት ላይሶሶም የሚል ስም አወጡለት። በ1974 ዓ.ም. ከአልበርት ክሎድና ከጆርጅ ፓላዴ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው በሉቫን የሚሠሩት አንሪ ኤርስ ደግሞ በ1963 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ነገር አስረዱ። ፖምፔ የተባለው በሽታ የያዛቸው ሕፃናት ከላይሶሶም ኢንዛይሞች አንዱ እንደሚጎድላቸው፥ ስለዚህም ሳይፈጭ የቀረው ስኳር በጡንቻቸውና በልባቸው ውስጥ እየተከማቸ እንደሚጎዳቸው ገለጹ። ከዚያ ወዲህ ላይሶሶም ለፈተና የሚጠና ስም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የሕፃናት ሐኪሞችም ጉዳይ ሆነ።

፪ኛ፤ የሁርለርና የሃንተር በሽታ

በ1917 ዓ.ም. ቻርልስ ሃንተር የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ሐኪም ስለ ሁለት ወንድማማች ልጆች ጻፉ። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ጌርትሩድ ሁርለር የተባሉ ጀርመናዊት የሕፃናት ሐኪም በሙኒክ ከተማ የዚህኑ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት መረመሩ። ሁለቱ በሽታዎች በነዚህ ሐኪሞች ስም እስከ ዛሬ ይጠራሉ።

የሁርለር በሽታ ያለበት ልጅ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጉበቱና ጣፊያው ያብጣሉ፤ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ፤ አከርካሪው ይጎብጣል፤ የፊቱ መልክ ይከብዳል፤ የዐይኑ ብሌን እንደ ጉም ይጋረዳል፤ የልቡም በሮች ይወፍራሉ። አእምሮው ለጥቂት ጊዜ ያድግና ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የተማረውን እየጣለ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሕክምና ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። የሃንተር በሽታ ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን ብሌንን አይጋርድም፥ የሚይዘውም ወንዶችን ነው ለማለት ይቻላል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንት በነዚህ ሕፃናት ሰውነት ውስጥ ሙኮፖሊሳካራይድ የተባለ ነገር ተከማችቶ አገኙ። ይህ ነገር እንደ ዶቃ የተሰካካ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ሲሆን፥ በጤነኛ ሰው ዘንድ ቆዳን፥ አጥንትንና የልብን በር የሚያጠነክር ጠቃሚ ነገር ነው። ታዲያ በሕመምተኞቹ ውስጥ ስለ ምን በዛ? አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሕዋሱ ከመጠን በላይ ስለሚሠራ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ይህን ሐሳብ የለወጡት ኤልሳቤጥ ኒውፌልድ ናቸው።

፫ኛ፤ የኤልሳቤጥ ኒውፌልድ ምርምር

ኤልሳቤጥ ኒውፌልድ በ1928 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ከሩስያ ተሰደው ከመጡ ወላጆች ተወለዱ። በ1940 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ቤተ ሰቡ እንደ ገና ተሰዶ ወደ አሜሪካ ሄደ። ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተመራመሩት ስለ ዕፀዋት ስኳር ነበር። በ1963 ዓ.ም. በሜሪላንድ ወደሚገኘው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ገቡ። በዕፀዋት ላይ ያገኙት የስኳር ዕውቀት በኋላ ለሕፃናት መዳን ይውላል ብሎ በዚያ ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

እሳቸውና ጆሴፍ ፍራታንቶኒ የተባሉት ወጣት ሐኪም ከሕመምተኞች ቆዳ ላይ ጥቂት ሕዋሳት ወስደው በሳሕን ውስጥ አሳደጉ። ለሕዋሳቱም ራዲዮአክቲቭ የሆነ ሰልፈር ሰጧቸው። ይህ ሰልፈር ወደ ስኳሩ ሰንሰለት ስለሚገባ የት እንደ ደረሰ በመሣሪያ ሊከታተሉት ይቻላል። የጤነኛው ሰው ሕዋስ ሰንሰለቱን ይሠራል፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ክምችቱ ከተወሰነ ልክ አያልፍም። የሕመምተኛው ሕዋስም የሚሠራው ያንኑ ያህል ነው፤ የሠራውን ግን አያፈርስም። በአንድ ግቢ ጥራጊ ተቆልሎ ብናይ የግቢው ሰዎች ቆሻሻ ያበዛሉ ብለን እንፈርድ ይሆናል። ለካ ቆሻሻው እንደ ሌላው ግቢ ነው፤ የጎደለው ጠራጊው ነው።

ቀጥሎ የተደረገው ፈተና በ1968 ዓ.ም. በጽሑፍ ወጣ፤ ዝናውም እስከ ዛሬ አለ። የሁርለር ሕመምተኛ ሕዋሳትና የሃንተር ሕመምተኛ ሕዋሳት በአንድ ሳሕን ውስጥ ተደባልቀው አደጉ። ሁለቱም በሽተኞች ናቸው፤ ስለዚህ ድብልቁም በሽተኛ ይሆናል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሰልፈሩን ቢለኩት የጤነኛ ሕዋስ ልክ ሆነ! ይልቁንም ሕዋሳቱ መነካካት እንኳ አላስፈለጋቸውም። አንደኛው ያደገበትን ፈሳሽ ወስደው ለሁለተኛው ቢሰጡት ሁለተኛው ተፈወሰ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዷ ወንፊት አላት፥ ምጣድ የላትም። ሌላዪቱ ምጣድ አላት፥ ወንፊት የላትም። በየቤታቸው ዘግተው ቢቀመጡ ሁለቱም እንጀራ አይጋግሩም። በአጥር ላይ ቢዋዋሱ ግን ሁለቱም ቤት ይበላል። በሳሕኑ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ለሌላው የጎደለውን ኢንዛይም ጥቂት ጥቂት ወደ ፈሳሹ ያወጣ ነበር፤ ሌላውም ያንን ተቀብሎ ወደ ላይሶሶሙ ያስገባ ነበር።

በኋላ የሁለቱ ኢንዛይሞች ማንነት ታወቀ። የስኳሩ ሰንሰለት የሚፈርሰው ከጫፉ ጀምሮ ዶቃ በዶቃ ነው። የፊተኛው ዶቃ ካልወለቀ የኋለኛው ሊወልቅ አይችልም። በሰንሰለቱ ላይ አይዱሮኒክ አሲድ የተባለ ዶቃ ሲደርስ በመጀመሪያ በላዩ ያለው ሰልፌት መነሣት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም ለሃንተር ሕመምተኞች ይጎድላቸዋል። ቀጥሎ ዶቃው ራሱ መውለቅ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው፥ አልፋ ኤል አይዱሮኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም፥ ለሁርለር ሕመምተኞች ይጎድላቸዋል። እንግዲህ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰንሰለት ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሠራተኞች መቅረት ናቸው።

ኢንዛይሙ ከውጭ መጥቶ የላይሶሶምን መንገድ እንዴት ያውቃል የሚለውንም ጥያቄ ኒውፌልድ አልተዉትም። በ1972 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፥ በኢንዛይሙ ላይ በፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ ያለ ምልክት መኖር አለበት ብለው ጻፉ። በ1977 ዓ.ም. የዊልያም ስላይ ቤተ ሙከራ ምልክቱ ማኖስ 6 ፎስፌት የተባለ ስኳር መሆኑን አስረዳ። ኒውፌልድም በ1982 ዓ.ም. የላስከርን ሽልማት፥ በ1994 ዓ.ም. የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ኒሻን ተቀበሉ።

፬ኛ፤ በሽታው ከወዴት ይመጣል?

ኢንዛይምን እንዴት መሥራት እንደሚገባ ትእዛዙ የተጻፈው በዘረ መል፥ ማለት በጂን፥ ላይ ነው። ሁላችንም ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ሁለት አለን፤ አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። የሁርለር በሽታ ጂን የሚገኘው በ4ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ የቀረው ስለሚበቃ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ የተበላሸ ጂን መሸከሙንም አያውቅም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ጂኖች ወርሶ የመታመሙ ዕድል ከ4 አንድ ነው። የሃንተር ጂን ደግሞ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ ከእናቱ የወረሰው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ እሱ ከተበላሸ መተኪያ የለውም። ስለዚህ ነው ሃንተር ወንዶችን የሚይዘው።

ይህን ያጠናሁ ጊዜ ለአያቴ አጫወትኋቸው። እሳቸውም፥ «አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለዚህ ኖሯል?» አሉኝ። አባቶቻችን ስለ ጂን አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ከአንድ ቅድመ አያት ሊወርሱ ስለሚችሉ፥ የሰባት ቤት ቆጠራ ሁለቱ ጂኖች በአንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኙ የሚረዳ ልማድ መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም፤ ምክንያቱም ባዕድ የሆኑ ባልና ሚስትም ሳያውቁት አንድ ዓይነት ጂን ሊሸከሙ ይችላሉ። አያቴም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ታዲያ ልጄ፥ የዚያ ዓይነት ልጅ እናት ምን አጠፋች?» ብለው ጠየቁኝ። «ምንም አላጠፋችም» አልኋቸው። «ዘመናችንን ሙሉ ስናማ ኖርና» አሉ።

፭ኛ፤ ስለ መድኃኒቱና ስለ አንጎል ድንበር

በሳሕን ውስጥ ኢንዛይም ከውጭ ሲሰጥ ሕዋሱ ከተፈወሰ፥ በሰውነትም ውስጥ እንዲሁ ሊሆን ይገባል። ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ ዓመት ከተደከመ በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም. ለሁርለር በሽታ ላሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2006 ዓ.ም. ለሃንተርም ተገኘ። መድኃኒቱ በየሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። ያበጠውን ጉበት ይቀንሳል፤ መተንፈስንና መራመድን ያሻሽላል።

ነገር ግን አንድ ታላቅ ችግር አለ። በደምና በአንጎል መካከል ጥብቅ ድንበር አለ። ይህ ድንበር መርዝና ተውሳክ ወደ አንጎል እንዳይገባ ይከለክላል፤ ግን ጠላትን ሲከለክል ወዳጅንም ይከለክላል። በደም ሥር የተሰጠው ኢንዛይም ወደ አንጎል ለማለፍ አይችልም። የነርቭ ሕዋሳት ደግሞ እንደ ቆዳ ሕዋስ በየጊዜው አይተኩም፤ አብዛኞቹ ከሰውየው ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራሉ። ስለዚህ የተከማቸባቸው ጥራጊ ከነሱ አይወርድም፤ የሕፃኑም አእምሮ ሊያድግ በሚገባው ጊዜ ያንኑ ተሸክሞ ይደክማል።

ይህን ድንበር ለማለፍ ከተገኙት መንገዶች አንዱ የሌላን ጤነኛ ሰው የአጥንት መቅኔ ለልጁ መስጠት ነው። በ1981 ዓ.ም. በለንደን ይህ ሕክምና ለአንድ የሁርለር ሕፃን እንደ ተደረገ ተጻፈ። ከመቅኔው የሚወለዱ አንዳንድ ሕዋሳት ድንበሩን አልፈው በአንጎል ውስጥ ይሰፍራሉ፤ በዚያም ሆነው ኢንዛይሙን ለጎረቤቶቻቸው ያካፍላሉ። በ1968 ዓ.ም. በሳሕን የታየው መዋዋስ በሕያው ልጅ ውስጥ ተደገመ ማለት ነው። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በሚላኖ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች፥ የ8 ሕፃናትን የራሳቸውን የመቅኔ ሕዋሳት ወስደው ትክክለኛውን ጂን ጨምረው እንደ መለሱላቸውና መልካም ውጤት እንዳዩ ገለጹ።

ሆኖም የመቅኔው ሕክምና ራሱ አደጋ አለበት፤ የሚጠቅመውም ቀድሞ ሲደረግ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ከተሰጠው አእምሮውን ለማትረፍ ተስፋ አለ። የጠፋውን ቃል ግን አይመልስም። ስለዚህ በአሜሪካ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሁርለር በሽታ ሕፃናት እንደ ተወለዱ በጥቂት የደም ጠብታ ከሚመረመሩላቸው በሽታዎች ጋር እንዲቆጠር ተወስኗል።

መደምደሚያ

ከላይሶሶም ኢንዛይሞች ወይም ከረዳቶቻቸው አንዱ በመጉደሉ የሚመጡ በሽታዎች ዛሬ ከ50 በላይ ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹም አንጎልን ይነካሉ። እያንዳንዳቸው ብርቅ ናቸው፤ የሁርለር በሽታ ለምሳሌ ከ100,000 ሕፃናት በአንዱ ያህል ላይ ይታያል። ሁሉም ሲደመሩ ግን ጥቂት አይደሉም። የልጅን አእምሮ የሚጎዱ በሽታዎችም እነዚህ ብቻ እንዳልሆኑ መዘንጋት የለብንም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። የጀመረውን ቃል የሚያጣ ልጅ በዐይን የማይታይ የአንዲት ከረጢት የአንዱ ሠራተኛ መቅረት ብቻ እንዲህ ሊያደርገው እንደሚችል አይተናል። ጥፋቱ የእናት አይደለም፤ የአባትም አይደለም። በአብሮ መጫወት አይተላለፍም። ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፥ ልጅ መናገርና መራመድ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲመለስ ብታዩ፥ አትደብቁት፤ ጊዜ ሳታጠፉ ለሐኪም አሳዩት። ጓደኞቼ ሆይ፥ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር አትሽሹት፤ እናቱንም «እንዴት ዋለ?» ብላችሁ ጠይቋት።

ያ ቤተ ሰብ ከሰፈራችን ከለቀቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የልጁን ስም አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ከሱ ጋር ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጫወትሁም። ወላጆች ይህን መጽሔት ስለሚያነቡ፥ ምናልባት እናቲቱ ካለችበት ይደርሳት ይሆናል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።